የፍራንክፈርቱ የኦርጋን መምህር ሄልሙት ቫልኻ

ለአንድ የጀርመን ሉተራዊ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆኖ መሾም፣ ነገሩን ከውጭ ለሚመለከት ሰው መሣሪያ እየመቱ መዝሙር ከማጀብ የማያልፍ ሥራ ቢመስለውም፣ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ግን ከስብከትና ከጸሎት ጋራ ተያይዞ የሚቈጠር፣ ሹመቱም ብዙ ጊዜ እስከ ሽምግልና የሚዘልቅ የከበረ አገልግሎት ነው። ሰንበት በመጣ ቍጥር ምእመናኑ ሊዘምሩት ያለውን መዝሙር ኦርጋኑ አስቀድሞ ዜማውን በልዩ ልዩ ድምፅ እያስጌጠ ያሰማቸዋል፤ ሕዝቡ በአንድ ቃል ሲዘምርም ከሥር ሆኖ ይደግፈዋል፤ ጸሎቱ ተፈጽሞ ሁሉም ወደየቤቱ ሲመለስ ደግሞ በረዘመ ጨዋታ ያሰናብተዋል። ኦርጋን መቺው ከዚህ ሌላ መምህርም ነው፤ ሙያውም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በእጅ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ነው። ዮሐን ፓኽልበል የታላቁን የዮሐን ሰባስቲያን ባኽን ታላቅ ወንድም አስተማረ፤ ያም ወንድም፣ ወላጆቻቸው ሲሞቱ፣ ታናሹን በቤቱ አሳድጎ ሙያውን አወረሰው፤ ባኽ በበኩሉ ልጆቹንና ብዙ ተማሪዎችን አስተማረ። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ የመምህራን ሐረግ ውስጥ በሃያኛው መቶ ዓመት ተነሥቶ፣ ዐይኖቹ ሳያዩ፣ የባኽን የኦርጋን ድርሰት በሙሉ በልቡ ይዞ ለሌሎች ስላስተላለፈ አንድ ሰው ነው።

ማኅሌትን በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ለሚያውቅ አንባቢ ኦርጋን እንግዳ መሣሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት ልናገር። ኦርጋን በመቶ፣ በትላልቆቹም አብያተ ክርስቲያናት በሺህ የሚቈጠሩ የብረትና የእንጨት ቧንቧዎች ተደርድረው የተተከሉበት፣ ከታች ወናፍ ነፋስ የሚያቀብለው፣ ቤት የሚያህል መሣሪያ ነው። ከቧንቧዎቹ ትንሹ ከጣት የማይበልጥ፣ ትልቁ እስከ ዐሥር ሜትር የሚቆም ሊሆን ይችላል። የሚመታው ሰው ከፊቱ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም አራት ረድፍ የእጅ ቁልፎች አሉት፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ እንደ እጁ ሁሉ ዜማ የሚያወጣባቸው የእግር መርገጫዎች ተዘርግተውለታል። በግራና በቀኙ ያሉትን እጀታዎች ሲስብ አንዱ የቧንቧ ወገን ይከፈታል፤ ሲመልሳቸው ይዘጋል። እንግዲህ ሁለት እጅና ሁለት እግር በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን ዜማ ይዘው የሚሄዱበት ይህ መሣሪያ፣ ዐይን ላለውም ሰው ቢሆን የብዙ ዘመን ድካም የሚጠይቅ መሆኑን አንባቢ ይገምት።

ሄልሙት ቫልኻ በላይፕሲግ ከተማ ኦክቶበር 27 ቀን 1907 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ላይፕሲግ ባኽ ከ1723 ጀምሮ በ1750 እስኪሞት ድረስ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ ሆኖ የኖረባት ከተማ ስትሆን፣ በቫልኻ የልጅነት ዘመንም በዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት መምህራን ራሳቸውን እንደ ባኽ ወራሾች የሚቈጥሩ ነበሩ። ሕፃኑ የፈንጣጣ ክትባት ከተከተበ በኋላ በደረሰበት ጕዳት የዐይኑ ብርሃን ደከመ፤ ከዓመት ወደ ዓመት እየከፋም ሄዶ፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ፈጽሞ ጠፋ። ሆኖም በ1922 ከከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በዚያን ጊዜ የቅዱስ ቶማስ ኦርጋን መቺ ከነበረው ከጕንተር ራሚን እግር ሥር ተቀመጠ። ራሚን ራሱ የካርል ሽትራውበ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ሽትራውበም የኦርጋኑን አገልግሎት በ1918 ለራሚን ለቆ የመዘምራኑን አለቅነት የያዘ፣ በዘመኑ በጀርመን የኦርጋን መምህራን ሁሉ አለቃ ተብሎ ሊጠራ የሚገባው ሰው ነበር። ወጣቱ ቫልኻ ትምህርቱን እየተከታተለ ሳለ ከ1926 እስከ 1929 ድረስ በቅዱስ ቶማስ ኦርጋን ላይ የመምህሩ ረዳት ሆኖ አገለገለ፤ ይኸውም የሃያ ዓመት ዕድሜ ላለው ዐይነ ስውር ልጅ የተሰጠ ታላቅ አደራ ነበር።

የማያይ ሰው ይህን ሁሉ ድርሰት በምን መንገድ እንደ ተማረ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እኔም ከሕይወቱ ሁሉ ይልቅ ይህን በሰፊው መጻፍ እወዳለሁ፣ ኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ መሠረቱ እዚህ ላይ ነውና። በመጀመሪያ ዘመን እናቱ፣ ከዚያም ባለቤቱ ኡርሱላ፣ ወይም ሌላ ሙያ ያለው ሰው ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ ከድርሰቱ አንዱን ድምፅ ብቻ ለይቶ ይመታለት ነበር። ይህን ለመረዳት ፉጋ የሚባለው የድርሰት ዐይነት እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። አራት ሊቃውንት ተሰብስበው፣ አንደኛው አንድ ጥቅስ አንሥቶ መናገር ሲጀምር ሁለተኛው ያንኑ ጥቅስ ተቀብሎ ሲያነሣ፣ የመጀመሪያው ግን ዝም ሳይል በራሱ መንገድ ሐተታውን ሲቀጥል፣ ሦስተኛውና አራተኛውም እንዲሁ ተራቸውን ጠብቀው ሲገቡ፣ በመጨረሻም አራቱ በአንድነት እየተናገሩ የአንዱ ቃል የሌላውን ሳያፈርስ ሁሉም በአንድ ፍጻሜ ላይ ሲገናኙ ብናስብ፣ ፉጋ ማለት ይህ ነው። ቫልኻም ከአራቱ ድምፆች አንዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ብቻውን እየሰማ በልቡ ያጠናዋል፤ ከዚያም ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን እንዲሁ። እያንዳንዱን ካጠና በኋላ አራቱን በእዝነ ልቡናው ያገናኛቸዋል፤ ጣቶቹና እግሮቹ ሥራቸውን የሚከፋፈሉት ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ መንገድ ከችግር የተወለደ ነው፤ ነገር ግን የችግር ማለፊያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ዐይን ያለው ተማሪ የኖታውን ገጽ ሲመለከት፣ በየቅጽበቱ አብረው የሚመቱት ድምፆች ከላይ ወደ ታች እንደ ዓምድ ቆመው ይታዩታል፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ የላይኛውን ዜማ ይከተልና የመካከለኞቹን እንደ ማዳመቂያ አድርጎ ያልፋቸዋል። ቫልኻ ግን ድርሰቱን ከዚያ ዓምድ ስላልተማረ፣ ከአራቱ ድምፆች አንዱንም ተከታይ አድርጎ ሊቈጥረው አልቻለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ትንፋሽ፣ የራሱ መነሻና ዕረፍት ያለው ሙሉ ዜማ ሆኖ በኅሊናው ይኖር ነበር። ስለ እርሱ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የዕውርነቱንና የማስታወስ ኀይሉን ተአምር ሲያደንቁ ይታያሉ፤ መደነቃቸው ስሕተት ባይሆንም፣ እኔ ግን የሚደነቀው ብዙ ነገር በልቡ መያዙ ሳይሆን የያዘበት ሥርዐት ነው እላለሁ። በቃል ብዙ የሚይዝ ሰው በየዘመኑ ይገኛል፤ የያዘውን በየድምፁ ለይቶ፣ ለይቶም አስማምቶ ለሰሚ የሚያቀርብ ግን ጥቂት ነው።

በ1929 ቫልኻ ላይፕሲግን ትቶ ወደ ፍራንክፈርት ሄደና በዚያ የሰላም ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ደብር ኦርጋን መቺ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜው በሙሉ ያለፈው በዚህች በማይን ወንዝ ዳር በምትገኝ የነጋዴዎች ከተማ ነው። በ1933 በሆኽ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ በ1938ም በከተማው ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የፕሮፌሰርነት ማዕርግ ተሰጠው። በእነዚህ ዓመታት ነው እንግዲህ ‹‹የባኽ ሰዓት›› የሚባሉትን ጉባኤያት የመሠረተው፤ በእነርሱም ላይ የባኽን ድርሰቶች ለሕዝብ እየመታ፣ አሠራራቸውንም በቃል እያብራራ ያሰማ ነበር። ሰውን ሰብስቦ ማስደነቅ ሳይሆን ማስተማር ዋና ፈቃዱ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም፣ በማርች 1944 በተጣለው የአውሮፕላን ቦምብ የፍራንክፈርት ጥንታዊ መካከለኛ ክፍል ተቃጥሎ ዐመድ ሆነ፤ የቫልኻም አገልግሎት በሰላም ቤተ ክርስቲያን በዚያው ዓመት አበቃ። ሰላም ከተመለሰ በኋላ በ1946 ከወንዙ በስተደቡብ፣ ዛክሰንሃውዘን በሚባለው ሰፈር በሚገኘው በሦስቱ ነገሥታት ቤተ ክርስቲያን (ሦስቱ ነገሥታት የተባሉት በእኛ ዘንድ ሰብአ ሰገል የሚባሉት ናቸው) ተሾመ። ከዚህ ሹመት እስከ 1981 ድረስ፣ ማለት ሠላሳ አምስት ዓመት፣ አልተለየም። ዝናው ባሕር ተሻግሮ ከተሰማም በኋላ እንኳ የሰንበቱን አገልግሎት ለሌላ ጥሎ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር ተጫዋች ለመሆን አልፈለገም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሠርክ ጸሎት ላይ ኦርጋኑን እየመታ፣ እሑድ ምእመናኑን እያዘመረ በደብሩ ኖረ። በ1961 ካርል ሹከ የሚባለው የበርሊን ኦርጋን ሠሪ ለዚሁ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ኦርጋን ሲሠራ፣ የድምፆቹ አመራረጥ የቫልኻ አሳብ ነበር።

ኦርጋን ሠሪዎችን ካነሣሁ ዘንዳ ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ልጨምር። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማለቂያ በአውሮፓ የሚሠሩት ኦርጋኖች የትልቅ ኦርኬስትራን ድምፅ ለመምሰል የሚጥሩ፣ ድምፃቸው የወፈረና የተደባለቀ ስለ ነበሩ፣ የባኽ ድርሰት ሲመታባቸው ድምፆቹ አንዱ ካንዱ ሳይለዩ ይቀሩ ነበር። በኋላ በአፍሪቃ፣ በላምባሬኔ፣ ባቋቋመው ሆስፒታል ስሙ የገነነው ዶክተር አልበርት ሽዋይፀር፣ እርሱ ራሱ ኦርጋን መቺ ነበርና፣ በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ አጥብቆ ነቀፈ። ከዚያም ወዲህ፣ በተለይ ከ1920 በኋላ፣ በጀርመን ብዙ ሰዎች በየገጠሩና በየደብሩ ተረስተው የቀሩትን የዐሥራ ሰባተኛውንና የዐሥራ ስምንተኛውን መቶ ዓመት ኦርጋኖች እየፈለጉ ማደስና ማጥናት ጀመሩ። ቫልኻ ያደገው በዚህ እንቅስቃሴ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ለሚያስበው ለእርሱ፣ የጥንቶቹ ኦርጋኖች ጥርት ያለ ድምፅ ከልቡ አሳብ ጋራ የሚስማማ ስለ ነበረ፣ ሸክላ ለማስቀረጽ በተጠራ ጊዜ የመረጠው እነርሱን ነው።

ይህም የሆነው በ1947 ነው። የዶይቸ ግራሞፎን ኩባንያ ለጥንታዊ ሙዚቃ ብቻ የሚሆን ‹‹አርኪቭ›› የሚባል የሸክላ ክፍል ሊያቋቁም አስቦ፣ በዚያ ዓመት በኦገስት ወር ቫልኻን ወደ ሰሜን ጀርመን ወደ ሉቤክ አስመጣው። ሉቤክ ዲትሪኽ ቡክስተሁደ ለአርባ ዓመት ያህል ያገለገለባት፣ ወጣቱ ባኽም በ1705 ይህን ሽማግሌ ለመስማት ከአርንሽታት ተነሥቶ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጕዞ የደረሰባት ከተማ ናት። ቡክስተሁደ የነበረበት የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግን በ1942 በቦምብ ተቃጥሎ፣ ታላላቆቹ ኦርጋኖቹ ከነዝናቸው ጠፍተው ነበር። ከጥፋት ተርፎ የተገኘው በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ያለው፣ ፍሪድሪኽ ሽቴልቫገን በ1637 አስፋፍቶ የሠራው ትንሹ ኦርጋን ነው። አገሩ በሙሉ የተራበና የፈረሰ ሳለ፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ያህል የቀረው ዐይነ ስውር ኦርጋን መቺ ከዚህ አሮጌ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ የባኽን የኦርጋን ድርሰቶች በሙሉ የማስቀረጽ ሥራ ጀመረ።

ሥራው ኋላ ወደ ካፔል ተዛወረ። ካፔል በሰሜን ባሕር አጠገብ ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗ ያለው ኦርጋን ግን ከሰሜን ጀርመን ኦርጋን ሠሪዎች ሁሉ የሚበልጠው አርፕ ሽኒትገር በ1680 በሃምቡርግ ለነበረው ለቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶት፣ በ1816 ወደዚህች መንደር የተወሰደ ነው። በከተማ ቢቀር ኖሮ የብዙዎቹ ወንድሞቹ ዕጣ በደረሰው ነበር፤ በመንደር በመቀመጡ ግን ከነቧንቧዎቹ ተጠብቆ ቈየ። የመጀመሪያው ቀረጻ እስከ 1952 ድረስ በዚህ ሁኔታ ሲፈጸም፣ በዓለም ውስጥ የባኽን የኦርጋን ሙዚቃ ከጥንታዊ መሣሪያ ላይ በዚህ ስፋት ሰምቶ የማያውቅ እጅግ ብዙ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ለመስማት ቻለ።

ኩባንያው በሁለት ጆሮ የሚለይ፣ ስቴሪዮ የሚባል አዲስ የአቀራረጽ ዘዴ በጀመረ ጊዜም መጀመሪያ ከተቀረጹት ውስጥ አንዱ ቫልኻ በ1956 በሆላንድ አገር በአልክማር ከተማ፣ በቅዱስ ሎሬንስ ቤተ ክርስቲያን የመታው ‹‹የፉጋ ጥበብ›› የተባለው በባኽ የመጨረሻ ዘመን የተሠራ ድርሰት ነው። የዚያ ኦርጋን አዳሽ የአርፕ ሽኒትገር ልጅ ፍራንስ ካስፓር ሽኒትገር ነበረ። ከዚያ ወዲህ የባኽን ሥራ እንደ ገና ከመጀመሪያው አንሥቶ፣ ከፊሉን በአልክማር፣ ከፊሉን ደግሞ በሽትራስቡርግ ዮሐን አንድሬያስ ዚልበርማን በ1780 በሠራው ኦርጋን ላይ እየመታ በ1971 ፈጸመ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሥራ አንድ ጊዜ በቃሉ መምታቱ ይበቃ ነበር፤ በሃምሳና በስድሳ ዓመቱ ተመልሶ የቀድሞውን አልፎ ለመሄድ መድከሙ ግን ራሱን ገና እንደ ተማሪ ይቈጥር እንደ ነበረ ያሳያል። በቼምባሎ፣ ማለት ከፒያኖ በፊት በነበረው የክር መሣሪያ፣ የባኽን አርባ ስምንት ጥንድ ፕሬሉድና ፉጋ (ፕሬሉድ ማለት መግቢያ የሚሆን ድርሰት ነው) ሁለት ጊዜ አስቀርጿል፤ ሁለተኛውን ጊዜ በጥንታውያን መሣሪያዎች ላይ ነው። በ1977ም ወደ ካፔል ተመልሶ ከባኽ በፊት የነበሩትን የሰሜን ጌቶች፣ ቡክስተሁደን፣ ቱንደርን፣ ቦምን፣ ሌሎችንም አስቀረጸ።

በጨዋታው ላይ ነቀፌታ አልጠፋም። ዛሬ የጥንቱን አመታት የሚያጠኑ ሰዎች፣ ቫልኻ ጊዜውን እጅግ አጥብቆ የሚይዝ፣ ማጌጫ ነገሮችን የሚቈጥብ፣ ለስሜት ቦታ የማይሰጥ ነው ይላሉ። ከነቀፌታው አንዳንዱ እውነት ነው፤ በተለይ የቡክስተሁደን ድርሰት ሲመታ፣ ያ ደራሲ የሚፈልገውን ነጻነት ያህል አይፈቅድለትም። በባኽ ፉጋዎችና በመዝሙር ላይ በተሠሩት ፕሬሉዶች ግን ጥብቀቱ ከድርቀት የመጣ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ድምፅ የሚገባውን ለመስጠት ከመጠንቀቅ የመጣ መሆኑን ልብ ብሎ የሚሰማ ሁሉ ሊፈርድ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ መምህርነቱ ልመለስ። ቫልኻ ተማሪዎቹ እርሱ የተማረበትን መንገድ እንዲሄዱ ያስገድዳቸው ነበር። ዐይን አላችሁና ከገጹ አንብቡ ብሎ አልተዋቸውም፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው እንዲያጠኑ፣ ከዚያም ሁለት ሁለቱን እንዲያጋጥሙ፣ ሦስቱን በእጅና በእግር እየመቱ አራተኛውን በአፋቸው እንዲዘምሩ ይጠይቃቸው ነበር። ይህ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሞከረ ያውቀዋል፤ እጅ በለመደው መንገድ ሲሄድ፣ አፍ ግን አንድ ድምፅ ጠፍቶበት ዝም ሲል ተማሪው ያን ድምፅ እንዳላወቀው ወዲያው ይጋለጣል። መምህሩ ገጽ ሳይመለከት የትኛው ድምፅ በየትኛው ስፍራ እንደ ደከመ ለይቶ ይነግረው ነበርና መደበቂያ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ በፉልብራይት ስም የሚጠራው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ርዳታ ሲጀመር፣ ብዙ ወጣት አሜሪካውያን ኦርጋን መቺዎች ፍራንክፈርትን እየመረጡ ወደ እርሱ መጡ። ትናንት ጠላት በነበረ አገር፣ ገና ፍርስራሹ ባልተነሣ ከተማ፣ ከአንድ ዐይነ ስውር ሊቅ ዘንድ ተቀምጠው ተምረው ሲመለሱ፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት እነርሱ ናቸው፤ ከእነርሱም በቴክሳስ በዳላስ ያስተማረው ሮበርት አንደርሰንና በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ደልበርት ዲሰልሆርስት ይገኙበታል። ራሱ ከጀርመን ብዙ ሳይርቅ የኖረው ሰው፣ አመታቱ በአሜሪካ ሥር የሰደደው በእነዚህ ደቀ መዛሙርት አማካይነት ነው። በከፍተኛው የሙዚቃ ትምህርት ቤት እስከ 1972 ድረስ አስተማረ።

መምህር እንደ መሆኑ ጥብቅ አሳብም ነበረው፤ አንዳንዱም ጠብ አስነሥቷል። ማክስ ሬገር (ከ1873 እስከ 1916 የኖረ) በጀርመን ከባኽ ወዲህ ለኦርጋን ከጻፉት ደራስያን ከታላላቆቹ አንዱ ሲሆን፣ የሥራው ዋና ደጋፊና አስተዋዋቂ ደግሞ ያ የቫልኻ መምህር መምህር ካርል ሽትራውበ ነበር። ቫልኻ ግን በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሬገር የኦርጋን ድርሰት ኖታው የበዛ፣ ድምፆቹ እርስ በርሳቸው የሚተፋፈኑ፣ ከኦርጋንም ጠባይ ጋራ የማይስማማ ነው ብሎ ፈረደ፤ ለተማሪዎቹም ማስተማሩን ተወ። ብዙዎች ተቈጡ፤ እኔም የሬገርን ሥራ በሙሉ ከትምህርት ቤት ማውጣት ከመጠን ያለፈ ፍርድ ነበረ ለማለት እደፍራለሁ፤ አንድ መምህር የማይወደውን ለተማሪው ከመንፈግ ይልቅ አሳይቶ የማይወድበትን ምክንያት ቢነግረው ይሻላልና። ነገር ግን ፍርዱ ከምን እንደ ተነሣ ለማስተዋል አያስቸግርም። እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ሰምቶ በልቡ ለሚያኖር ሰው፣ ድምፆቹ በኖታ ብዛት የሚሰወሩበት ድርሰት እንደ ዝግ በር ነው።

ከላይ የተነሣው ‹‹የፉጋ ጥበብ›› የተባለው ድርሰት በመጨረሻው ፉጋ ላይ ሳያልቅ ይቀራል። ባኽ በዚያ ፉጋ ውስጥ ሦስተኛ ጥቅስ አድርጎ፣ በጀርመኖች የኖታ አጠራር ቤ፣ አ፣ ሴ፣ ሃ የሚባሉትን አራት ድምፆች፣ ማለት የራሱን ስም ፊደላት፣ ካስገባ በኋላ ጽሑፉ በድንገት ይቋረጣል። በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት ዐይኑን ታምሞ፣ ከእንግሊዝ አገር በመጣ ሐኪም ሁለት ጊዜ ተቀድዶ፣ ብርሃኑን አጥቶ ነበር የሞተው። ብዙ ሊቃውንት ያልተፈጸመውን ፉጋ ለመፈጸም ሞክረዋል፤ ቫልኻም በበኩሉ የቀረውን ክፍል ጽፎ አሳትሞታል፣ በሸክላም አስቀርጾታል። ሦስቱን ጥቅሶች ከመላው ድርሰት መነሻ ከሆነው ጥቅስ ጋራ አገናኝቶ፣ አራቱን በአንድነት ያሰማል። ባኽ ራሱ እንዲህ ያደርገው ነበር ብሎ ለመማል የሚደፍር የለም፤ ነገር ግን ድምፆቹን አንድ በአንድ ከልቡ ያሳደረ ሰው እጅ እንደ ነካው ይታወቃል። ከዚህ ሌላ በቤተ ክርስቲያኑ መዝሙሮች ላይ የተመሠረቱ ብዙ አጫጭር ፕሬሉዶች ደርሶ በአራት መጻሕፍት አሳትሟል፤ ለሰንበት አገልግሎት የተጻፉ በመሆናቸው ዛሬም በጀርመንና በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ይመታሉ።

በ1981 አገልግሎቱን ለቀቀ፤ በሕዝብ ፊት መጫወቱንም በዚያው ዓመት አቆመ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት በጸጥታ ኖሮ፣ በፍራንክፈርት ኦገስት 11 ቀን 1991፣ በተወለደ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ።

ሸክላዎቹ ዛሬ በአዲሱ የድምፅ ዘዴ ተገልብጠው በቀላሉ ይገኛሉ። ቫልኻን ለመስማት የሚፈልግ አንባቢ ከታላላቆቹና ከሚያስገመግሙት ድርሰቶች ባይጀምር ይሻለዋል፤ ባኽ ለታላቁ ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን መማሪያ ጻፋቸው ከሚባሉት ከስድስቱ የሦስት ድምፅ ሶናታዎች አንዱን ይምረጥ። በእነርሱ ውስጥ ቀኝ እጅ አንዱን፣ ግራ እጅ ሁለተኛውን፣ እግር ሦስተኛውን ድምፅ ይይዛሉና ለጀማሪ ጆሮ ለመለየት ይቀላሉ። በመጀመሪያ እግሮቹ የሚይዙትን ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ እየተከተለ እስከ መጨረሻው ይስማ፤ ደግሞ ግራውን፣ ደግሞ ቀኙን፤ በአራተኛው ጊዜ ሦስቱንም ይስማ። የሙዚቃ መምህራንም ይህን ልምምድ ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ፣ ኦርጋን ባይኖራቸው እንኳ፣ ብዙ እንደሚጠቀሙበት አልጠራጠርም።